ኢሪኔው ከመርከብ የወረደ ዕለት

ኢሪኔው ዶስ አንጆስ ያገባ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የደረሰው ወለሉ ገና ሳይጠረግ ነው። ጠራጊዋ ሴትዮ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ፣ መቃኑን ተደግፎ ቆሞ ስታገኘው፣ «ሠርጉ ከሰዓት በኋላ አይደለም እንዴ?» አለችው።

«ነው። እንዳይረፍድብኝ ብዬ ነው» አላት።

ዝም ብሎ መገተሩ አሳፈረውና መጥረጊያውን ተቀብሎ ከመሠዊያው እስከ በሩ ድረስ ጠረገላት። ዘናይዴ በነጭ ቀሚሷ ስትደርስ ሙሽራው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ጠበቃት። ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ሙሉ ላገኘችው ሁሉ ስታወራው ኖራለች። መጀመሪያ አካባቢ እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ መሃል ላይ እየተናደደች፤ ዕድሜ ሲጫጫናት ደግሞ እንደገና እየሳቀች።

ሰውየው እንዲህ ነበር። ፍራንካ በሳኦ ፓውሎ ግዛት ያለች የጫማ ከተማ ናት፤ ግማሹ ሰው ይቆርጣል፣ ግማሹ ይሰፋል። ኢሪኔው ቆዳ ቆራጭ፣ ዘናይዴ ሰፊ ሆነው በአንድ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ኢሪኔውን ደጅ ቆሞ ያላገኘበት ቀን አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹ «አውራ ዶሮ» ይሉት ነበር። ሊያበሽቁት ሲፈልጉ ደግሞ «አንተ ባሂያኖ!» ይሉታል። በዚያ አገር ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ ድሃ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መጠሪያው ይኸው ነው። ኢሪኔው ግን እውነትም የባሂያ ሰው ነው፤ እዚያው ሰሜን ምሥራቅ የተወለደ።

ቀድሞ መድረሱ መነሻ ነበረው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ድርቅ ጠንቶ አባቱ ቤተሰቡን ይዞ ተሰደደ። በጭነት መኪና ላይ፣ ጣውላ ላይ ከሌላው ስደተኛ ጋር ተጠቅጥቀው ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመሩ። መኪናው ነዳጅ ሊቀዳ አንድ ቦታ ቆመ። ከማደያው ጓሮ ሰው በስሙ የምትጠራ በቀቀን ነበረች። ልጁ እሷን ሲያይ፣ ስሙን ሊያስተምራት ሲታገል፣ ወደ መንገዱ ሲመለስ አቧራ ብቻ ጠበቀው። አባትየው ልጆቹን የቆጠረው ማደሪያቸው ሲደርሱ ነው። በማግስቱ በሌላ መኪና ተመልሶ ሲመጣ ኢሪኔውን መኪናው በቆመበት ቦታ፣ ጎማው መሬቱን ባሰመረበት ላይ ተቀምጦ አገኘው። የማደያው ባለቤት ሚስት ካሳቫ ቀቅላ ብታቀርብለት አልቀመሰም፤ ጎንበስ ብዬ ስበላ ቢያልፉኝስ ብሎ። አባቱ አልገረፈውም። አቅፎት አለቀሰ እንጂ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ኢሪኔው ሊሳፈርበት ካለው ነገር ዐይኑን ነቅሎ አያውቅም።

የአርባኛ ዓመት ጋብቻቸው ሲደርስ አንዲት ልጃቸው ሉሲማራ የመርከብ ጉዞ ገዛችላቸው። ከሳንቶስ ተነስቶ ሪዮን፣ ሳልቫዶርን፣ ኢሌውስን አዳርሶ የሚመለስ ነው። ዘናይዴ ባሕር ላይ ለመጨፈር አዲስ ቀሚስ ሰፋች። ኢሪኔው ባሕሩ አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው መርከቡ በየወደቡ ቆሞ ሰው የሚያወርድ መሆኑ ነበር። የሚያወርድ ነገር ጥሎ ይሄዳል።

ሪዮ ላይ ኢሪኔው ከመርከቡ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ መርከቡ ሳልቫዶር ወደብ ሲገባ፣ ሁለቱም በረንዳው ላይ ቆመው ከተማዋን አዩ። ከታች ወደቡና ገበያው፣ ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ አሮጌዎቹ ቤቶችና የደወል ማማዎች፣ በመሃላቸው ሰው እያወጣና እያወረደ የሚውለው ትልቁ አሳንሰር።

«ዛሬ እንኳ ትወርዳለህ» አለችው ዘናይዴ ጫማዋን እያሰረች።

«አልወርድም።»

«ሪዮንም እንዲሁ አልክ። ተራራው ላይ የቆመውን ክርስቶስ ከዚህ ሆነህ አየኸው።»

«ጥርት አድርጌ አየሁት።»

«ጀርባውን! አርባ ዓመት ከአንተ ጋር ኖሬ የጌታን ጀርባ ብቻ ልይ? እኔ ወርጄ ፊቱን አየሁት። ደግሞ ይሄ እኮ ባሂያ ነው፤ የገዛ አገርህ!»

«እኔ የተወለድኩበት ባሂያ ውሃ የሚባል የለውም። እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም። መርከቡ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል።»

«አሁን ገና ሦስት ሰዓት ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ቀን ይሮጣል፣ ዘናይዴ።»

እጇን አወናጨፈችበትና ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከአስጎብኚዋ ልጅና ከሌሎቹ መንገደኞች ጋር ወረደች። ከታች ሆና ቀና ብላ በእጇ ስትስመው እሱም በእጁ መለሰላት። ከዚያ ወንበሩን የመርከቡን መውረጃ ደረጃ ወደሚያሳየው ጥግ ጎትቶ፣ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ተቀመጠ። ቡና ጠጣ፣ ምሳ በላ፣ ትንሽ አንቀላፋ። ሰዓቱን እያየ ሰላም ዋለ።

ቡድኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል ተብሎ ነበር። ዘጠኝ አለፈ። አሥር ሊል ሲል አውቶቡሱ መጣ። ኢሪኔው ከወንበሩ ተነስቶ የበረንዳውን ብረት ይዞ አንድ በአንድ የሚወርዱትን አያቸው። ቀይ አለ፣ አበባማ አለ፣ ነጭ አለ፤ ቢጫ የለም። ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ አስጎብኚዋን መግቢያው ላይ ያዛት።

«ልጄ፣ ባለቤቴስ?»

«የትኛዋ ናቸው አባባ?»

«ቢጫ ቀሚስ፣ ሞላ ያለች፣ ዘፈን የምትወድ።»

«እሳቸው! ገበያው ጋ ወርደው ቀሩ እኮ። መረብ አልጋ እገዛለሁ አሉ። ቅርብ ነው፣ በእግሬ እመጣለሁ ብለውኛል።»

ስልክ ደወለላት። ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ዝግ። ዘናይዴ ወድቃ፣ ዘናይዴ ተዘርፋ፣ ዘናይዴ ደሟ ከፍ ብሎ የማታውቀው ሰው ደጅ ላይ ተዘርግታ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየው። የመንገደኛ ካርዱን በር ላይ ላለው ልጅ አሳየና፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳያውቀው መሬት ረገጠ።

ከወደቡ እስከ ገበያው ሩቅ አይደለም፤ ሙቀቱ ግን እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመበት። የገበያው አዳራሽ ውስጥ ዶቃ፣ ከበሮ፣ ዳንቴል፣ የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ፣ መረብ አልጋ እንደ ጉድ ተሰቅሏል። ኢሪኔው በየሱቁ አንገቱን እያስገባ ጠየቀ።

«ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት አይተሃል?»

«ንጉሤ፣ ዛሬ ብቻ ሃያ ቢጫ ቀሚስ አይቻለሁ» አለው መረብ አልጋ ሻጩ፤ በዚያ ከተማ ሰው ሁሉ ንጉሥ ነው። «የእርስዎ የትኛዋ ናት?»

«የምትከራከረው።»

«ኧረ እሷንማ! ሥጋዬን ግጣ፣ አጥንቴ እስኪቀር ዋጋ አስቀንሳኝ ሄደች። ከሄደች ግን ቆይታለች።»

«ወደየት?»

ሰውየው በአገጩ ወደ ውጭ ጠቆመ፤ ወደ መርከቡም ሊሆን ይችላል፣ ወደ አሳንሰሩም። ኢሪኔው የገባው አሳንሰሩ ነው። ከላይ ሆና ከተማውን ሳታይ እንደማትመለስ ያውቃታልና። ሰልፉ ረጅም ነበር። ፈረንጁ፣ ተማሪው፣ የበረዶ ሳጥን የተሸከመው፣ ሁሉም ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ኢሪኔው ተሰለፈ። ላቡ እስከ ነጠላ ጫማው ወረደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መርከብ እየጠበቀው፣ ሰዓቱን ማየት ረሳ።

አሳንሰሩ አፍታ ሳይቆይ ከላይ ተፋው። አደባባዩ ላይ ንፋስ አለ፤ ሰው ግንቡን ተደግፎ ባሕር ያያል። ቢጫ ቀሚስ አየና ሮጦ ትከሻዋን ሊነካ ሲል የሌላ ሰው ሚስት ሆና ተገኘች። ይቅርታ ጠየቀ። አንዴ አደባባዩን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። በሦስተኛው ግንቡን ይዞ ቆመ። ይሄኔ ነው ስልኩ የጮኸው።

«አንተ ሰውዬ! የት ነህ?»

የዘናይዴ ድምፅ ነው፤ እንደ ወትሮው ቁጡ፣ ጤነኛ። ኢሪኔው ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ኢሪኔው! ትሰማኛለህ?»

«አለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንቺስ የት ነሽ? ደህና ነሽ? ወድቀሻል?»

«ምን ብዬ ነው የምወድቀው! መርከቡ ላይ ነኝ። በሌላኛው በር ገብቼ ቀጥታ ፀጉሬን ልሠራ ሄድኩ፤ ዛሬ ማታ ጭፈራ አለ ብዬህ አልነበር? ስልኬ ባትሪው አልቆ ቻርጅ ላይ... ኧረ ተወው! ማድረቂያው ሥር ቁጭ ብዬ በድምፅ ማጉያ ስምህን ሲጠሩ ሰማሁ። ተሳስተዋል አልኩ። የኔ ባል ከወንበሩ አይነሳም አልኳቸው!»

ኢሪኔው ቁልቁል ተንሸራትቶ ግንቡ ሥር ተቀመጠ። «ተመስገን» አለ። «የቦንፊም ጌታ፣ ተመስገን። ተመስገን።» የባሂያ ሰው ክርስቶስን የሚጠራው እንዲህ ነው። እንባው መጣ፣ ሳቁም መጣ፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ እሱም ኋላ ላይ መለየት አልቻለም። አጠገቡ የቆሙ ወጣቶች ዞረው አዩት።

«ምንድን ነው የምታመሰግነው! ያለኸው የት ነው?»

«አሳንሰሩ ላይ። ከላይ።»

«ከላይ! ሩጥ! ሩጥ እንጂ!»

ብድግ ብሎ ወደ ወደቡ አየ። መርከቡ አንድ ሙሉ ሰፈር አክሎ፣ ነጭ ሆኖ ከታች ተኝቷል። መውረጃ ደረጃው የለም። በመርከቡና በወደቡ መሃል ጠባብ የጠቆረ ውሃ ይታያል፤ እያየው ሰፋ። ከዚያ መርከቡ ጮኸ። ጩኸቱ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

«ዘናይዴ፣ ሄደ እኮ።»

«ምን?»

«እየሄዳችሁ ነው።»

«እወርዳለሁ! አሁኑኑ እወርዳለሁ!» ጮኸች። ከኋላዋ ሰው ሲያባብላት ይሰማል።

«ወዴት ነው የምትወርጂው? ውሃ ውስጥ? አይዞሽ። ስሚኝ፣ አይዞሽ።»

ይህን ቃል ከአርባ ዓመት ጀምሮ የምትለው እሷ ነበረች። አሁን እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ያባብላል። ነገሩ ለሁለቱም እንግዳ ነው።

«መታወቂያህስ?» አለችው አፍንጫዋን እየሳበች።

«ኪሴ ውስጥ ነው፤ ገንዘቤም።»

«ኪስህን ይባርከው። ይቺ የመርከቡ ሠራተኛ መታወቂያ ከያዘ ነገ ኢሌውስ ላይ ይሳፈራል ትለኛለች። ኢሌውስ ድረስ ግን በምን ትመጣለህ?»

«መንገድ አይጠፋም። አሁን ወደ በረንዳው ውጪና ወደ ላይ ተመልከቺ። ሸሚዜን አውለበልብልሻለሁ።»

ሸሚዙን አውልቆ፣ በሰው ፊት ነጭ ፀጉር ያወጣ ደረቱን አስጥቶ፣ እጁ እስኪዝል አውለበለበ።

«አየሁህ!» አለችው። «አየሁህ፣ የኔ ሽማግሌ!»

ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። መርከቡ ፊቱን ወደ ክፍቱ ባሕር አዞረ።

ኢሪኔው ሸሚዙን ለብሶ ግንቡ ላይ ተደግፎ ቆመ። ፍርሃቱን ጠበቀው። ያውቀዋል፤ የነዳጅና የአቧራ ሽታ ያለው ነው። በእያንዳንዱ ጣቢያ፣ በእያንዳንዱ ፌርማታ ትንሽ ትንሽ ቀምሶታል። አሁን ሙሉውን ሊጠጣው ቆሞ ጠበቀ። መርከቡ አነሰ፤ ጣት አከለ፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። ጥለውት ሄደዋል፣ እሱም ቆሟል፣ ንፋሱ ይነፍሳል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። የመጣ ነገር ቢኖር ረሃብ ነው።

የአደባባዩ ጥግ ላይ አንዲት ሴት ነጭ ቀሚሷን አንዘርፍፋ፣ ነጭ ሻሽ ጠቅልላ፣ በቀይ የዘንባባ ዘይት አካራዤ ትጠብሳለች። የአደንጓሬው ሊጥ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ይንጫጫል። ጃንዲራ ትባላለች፤ ሰው ሁሉ እየጠራት ነው የሚያልፈው። ኢሪኔው ፊቷ ሲቆም ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ንጉሤ፣ ሲያለቅሱ አየሁ፣ ሲስቁ አየሁ፣ ሲራቆቱ አየሁ። አሁን ምን ቀረ?»

«መብላት» አላት። «መርከቡ ጥሎኝ ሄደ።»

«እሱ ትልቁ?» ማንኪያዋን እንደያዘች ቆመች። «የቦንፊም ጌታ! ከነሻንጣዎ?»

«ከነሚስቴ።»

ጃንዲራ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። «የሚያቃጥል ላድርግልዎ?»

«አዎ፣ የቀዘቀዘ አልወድም።»

በእሷ አገር የሚያቃጥል ማለት በርበሬ ማለት ነው። አካራዤውን ለሁለት ከፍላ፣ ሽሪምፑን ጠቅጥቃ፣ በርበሬውን ሳትሰስት ለቀለቀችበት። ኢሪኔው አንዴ ጎረሰና ዐይኑ ፈጠጠ፤ ጆሮው ሥር ድረስ ነደደ። ጃንዲራ ውሃ ልትሰጠው ስትጣደፍ ግን እጁን አንስቶ ከለከላት። ደግሞ ጎረሰ። ይህን ጣዕም ያውቀዋል። የት? የእናቱ ድስት ውስጥ፣ ያኔ፣ ከመኪናው በፊት።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው በርበሬውን» አለ አፉን በእጁ እያራገበ።

«እናትዎ የየት ናቸው?»

«የዚሁ። የባሂያ፤ ከወዲያ ከደረቁ አገር። እኔም እዚያው ነው የተወለድኩት። በሰባት ዓመቴ ወሰዱኝ።»

ጃንዲራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እንግዲያው አንቱታውን ትቼዋለሁ! አንተ ሰው፣ ምን ሆንኩ ብለህ ነው ጣለኝ የምትለው? አገርህ ላይ አወረደህ እንጂ!»

«በደቡብ ባሂያኖ እያሉ ሲሰድቡኝ ነው ያረጀሁት።»

«እዚህ ደግሞ በአነጋገርህ የሳኦ ፓውሎ ሰው ነህ ብለው ዋጋ ይጨምሩብሃል። በሁለቱም በኩል ከሰርክ!» ሌላ አካራዤ በወረቀት ጠቅልላ እጁ ላይ ጣለችለት። «ይቺ የኔ ናት። ቁጭ በል።»

የፕላስቲክ ወንበር ሰጠችው። ወደ ኢሌውስ ማታ የሚነሳ አውቶቡስ እንዳለ፣ መናኸሪያው ድረስ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚወርድ፣ ደንበኛዋን እያስተናገደች በየመሃሉ ነገረችው። ሲነጋ ደርሶ መርከቡን ራሱ ይቀበለዋል።

«አሁን ብትሄድ ጥሩ ቦታ ታገኛለህ፤ በመስኮቱ በኩል» አለችው።

ኢሪኔው ብድግ አለ። እግሩ የለመደውን ያውቃል። ግን ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል። ውሃው እንደ ሞቀ መዳብ ሆኗል፤ ጀልባዎቹ ጠቁረዋል፤ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያል።

«ፀሐይዋን ልያትና» አለ። መልሶ ተቀመጠ።

«ቦታ ብታጣስ?»

«ቆሜ እሄዳለሁ።»

ይህን ያለው እሱ መሆኑን ለማመን ራሱም ጊዜ ፈጀበት። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግንቡ ላይ የነበሩት አጨበጨቡ፤ ኢሪኔውም አጨበጨበ። ጃንዲራ ስትሰናበተው ጉንጩን ሳመችው። «ሚስትህን ይዘህ ና። ከእኔ ጋር ትከራከር እንደሆነ አያታለሁ!»

አውቶቡሱ ላይ ቦታ አገኘ፤ የመስኮት አይደለም፣ የመተላለፊያ። መንገዱን ሊጠብቅ ዐይኑን አፍጥጦ አላደረም። አንገቱን ጣል አድርጎ፣ በጉዞ ላይ ተኝቶ በማያውቀው እንቅልፍ ተኛ። ነጂው ትከሻውን ሲነቀንቀው ነግቶ፣ የኮኮናት ዛፉ በመስኮቱ እያለፈ ነበር።

ኢሌውስ ወደብ ሲደርስ መርከቡ ገና በሩቅ ነው። ዘበኛው የባሕር ውሃ በመሰለ ዐይኑ አይቶት፣ «ከመርከቡ ነህ?» ሲለው፣ «ነኝ፤ ቀድሜው መጣሁ» አለ። ዘበኛው እየሳቀ ጥላ ሥር ወንበር ሰጠው። መርከቡ ቀስ ብሎ፣ ውሃውን እየገፋ፣ ገመዱን እያወረደ ተጠጋ።

ከመጀመሪያዎቹ ወራጆች ሁሉ የመጀመሪያዋ ዘናይዴ ነበረች። ትናንት የተሠራው ፀጉሯ በአንድ በኩል ተጨፍልቋል። በአንድ እጇ ጫማውን፣ በሌላው የደም ግፊት ክኒኑን ይዛለች። ሮጠች፤ ዘናይዴ ከሮጠች ስንት ዘመኗ። ደረሰችና መጀመሪያ በጫማው ደረቱን መታችው፣ ከዚያ አቀፈችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከዐይኔ ብትርቅ!»

«ደህና አደርሽ?»

«ምን ደህና! ሌሊቱን አንተ በምትተኛበት በኩል ተኛሁ። ለካ መብራቱ ዐይን ላይ ነው የሚያበራው፤ ምነው አትነግረኝም ነበር?» ቀና ብላ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ፈራህ?»

«አንቺን ስፈልግ ፈራሁ። ካገኘሁሽ በኋላ አልፈራሁም።»

«መርከቡ ሲሄድስ?»

«አልመጣም» አላት። «ጠበቅሁት፤ አልመጣም።»

ምኑ እንዳልመጣ አልጠየቀችውም። የማደያውን ታሪክ ያገባት ሰሞን ነግሯት ነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ክኒኑን አስዋጠችው፤ ጫማውን እግሩ ላይ አጠለቀችለት፤ ክሩንም ራሷ አሰረችለት።

«ደግሞ ልንገርህ» አለች ተንበርክካ እንዳለች። «ትናንት አላየሁህም። በረንዳው ላይ ወጥቼ የማየው ጉንዳን የመሰለ ሰው ብቻ ነበር። አየሁህ ያልኩህ ሸሚዝህን ቶሎ እንድትለብስ ነው።»

ኢሪኔው እስኪያስለው ሳቀ።

ወዲያው ወደ መርከቡ አልገቡም። ከመንገድ ዳር የካካዎ ፍሬ ተከፍቶላቸው ነጩን ጣፋጭ ሥጋውን መጠጡ። የባሕሩ ዳርቻ ላይ ዘናይዴ ቢጫ ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷ ድረስ ገባች። ኢሪኔው ዳር ቆሞ ሊቀር ሲል፣ «ና እንጂ፣ ውሃው አይነሳም!» አለችው። ገባ። ማዕበሉ ሱሪውን እስከ ወገቡ ሲያርሰው እጇን አጥብቆ ያዘ። ልብሳቸው እላያቸው ላይ እስኪደርቅ አሸዋው ላይ ተጋደሙ፤ እሷ ተኛች፣ እሱ የኮኮናት ዛፎቹን ሲቆጥር ቁጥሩ እየጠፋበት ደግሞ ይጀምራል። ወደ መርከቡ የተመለሱት ከሌሎቹ ጋር፣ በሰዓቱ፣ ሳይቀድሙም ሳይዘገዩም ነው። ማታ ጨፈሩ። ኢሪኔው የዘናይዴን እግር ሁለቴ ረገጠ፤ ሁለቴም ተሰደበ።

ሳንቶስ ሲደርሱ ሉሲማራ መኪና ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። የተሸከሙትን ተቀበለቻቸው፤ የአባቷ ፊት በፀሐይ ጠቁሮ አፍንጫው ተልጦ አይታ ተገረመች።

«እህስ፣ እንዴት ነበር? ወርደህ አየህ ወይስ እንደፈራሁት በረንዳ ላይ ተጎልተህ መጣህ?»

«አባትሽን ጠይቂው» አለች ዘናይዴ የኋላውን ወንበር ይዛ እየተዘረጋች። «እኔ ደክሞኛል፤ እተኛለሁ።»

ኢሪኔው ከፊት ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «መጀመሪያ» አለ፣ «የመረብ አልጋ ሻጩን ልንገርሽ።» ሉሲማራ መኪናውን አስነሳች። ወደ ተራራው የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሰው፣ የሸንኮራውን እርሻ አቋርጠው፣ ፍራንካ እስኪገቡ ድረስ አላባራም።